አምባሰልን ማን ዘፈነው?

ሙዚቃ የተማረ ሰው ስለ አገራችን ቅኝቶች ሲጠየቅ አራቱን በአንድ ትንፋሽ ይቆጥራቸዋል፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ የቦታ ስም መሆናቸውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይልም። ሁለቱም ያሉት ወሎ ነው። ባቲ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ ከደቡብ ወሎ ወረዳዎች አንዱ፣ ከዚያም በፊት ተራራ ነው። አንድ ተራራ ስሙን ለአምስት ድምፆች አበድሮ በዓለም ዙሪያ በሳክስፎንና በፒያኖ ሲጠራ ይኖራል። ስሙን ተሸክመው ያደረሱት ሰዎች ግን መጀመሪያ የያዙት ሳክስፎን አልነበረም። ጉሮሯቸውን ነው የያዙት።

ቦታው ይህ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል፤ ከሐይቁ አልፎ መንገዱ ወደ ውጫሌ ይቀጥላል። ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ግሸን ደብረ ከርቤ ያለችው በዚሁ ወረዳ ነው። የአምባሰል ገዥዎች የሚጠሩበት ማዕረግ ሌላ ቦታ የማይገኝ «ጃንጥራር» የሚል ነበር፤ እቴጌ መነን የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። የስሙን ትርጉም ሲጠይቁ የአካባቢው ሰው «አምባ» እና «አሰል» ብሎ ይከፍለዋል። አሰል በዓረብኛ ማር ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ይስማሙም አይስማሙ፣ የማር አምባ መባሉ ለዘፋኝ አገር የሚያንስ ስም አይደለም።

ውጫሌ ሲባል አብዛኛው አንባቢ ጆሮው የሚያቃጭልበት ዜማ አይደለም፤ ውሉ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ የተፈራረሙት ውል፣ አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ሆኖ የተገኘው፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ዓድዋ ላይ በደም የታረመው። ጣሊያንና አምባሰል ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት እንግዲህ በአንድ ቃል ላይ በተነሳ ጠብ ነው ማለት ይቻላል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ደግሞ ቃል የሚይዙትን ሰዎች ራሳቸውን አደኑ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች እየተያዙ እንዲረሸኑ አዘዘ። በመጋቢት ወር ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም እስከዚያ ቀን ሰባ የሚሆኑት መገደላቸውን በኩራት ሪፖርት አድርጓል። አንድ የጦር ገዥ መትረየስና አውሮፕላን ይዞ ማሲንቆ የያዘ ሰው እንቅልፍ ከነሳው፣ የድምፅ ጉልበት ምን ያህል እንደነበረ ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም።

ወደ ዜማው እንግባ። የአምባሰል ቅኝት አምስት ድምፅ አለው፤ ይህ የሁሉም የአገራችን ዋና ቅኝቶች ጠባይ ነው። ልዩ የሚያደርገው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ ያለው የሚገኘው በግማሽ እርምጃ ብቻ ነው፤ ጠባብ ነው፣ እዚያው የሚያስጨንቅ። ከዚያ ወደ ሦስተኛው ለመድረስ ግን ትልቅ ዝላይ ያስፈልጋል። ቀጥሎ አንድ ሙሉ እርምጃ፣ እንደገና ግማሽ፣ እንደገና ዝላይ። ጠባብ፣ ሰፊ፣ ጠባብ፣ ሰፊ። የወሎን መልክዓ ምድር የሚያውቅ ሰው ገደልና ሜዳ እየተፈራረቁ ታይተውት ፈገግ ይላል፤ እንዲህ ያለው ማመሳሰል ለግጥም እንጂ ለማስረጃ ባይሆንም።

አሁን ጥቂቶች ብቻ የሚያነሱት ነጥብ ይመጣል። በወረቀት ላይ ሲጻፍ የአምባሰል አምስት ድምፆች ትዝታ ማይነር ከሚባለው ቅኝት አምስት ድምፆች ጋር አንድ ናቸው። ትዝታ ማይነርን ከአራተኛው ድምፁ ጀምሮ የሚቆጥር ሰው የሚያገኘው አምባሰልን ነው። ታዲያ አንድ ዜማ ትዝታ ሳይሆን አምባሰል የሚሆነው በምንድን ነው? ዜማው የት እንደሚያርፍ ነው የሚለየው፤ የትኛው ድምፅ ቤት ነው፣ የትኛው ደጅ፣ የትኛው ላይ ትንፋሽ ይረዝማል፣ የትኛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ይህን የሚወስነው ደግሞ በዋናነት ዘፋኙ ነው። ክራሩ አምስቱን ድምፆች ያቀርባል፤ ማሲንቆው ይከተላል፤ «ይህ አምባሰል ነው» ብሎ የሚፈርድ ግን ድምፁ ነው። ስለዚህ አምባሰልን የድምፆች ዝርዝር አድርጎ ማስተማር የአንድን ሰው አጥንት ቆጥሮ መልኩን አወቅሁ እንደማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር የሙዚቃ ጥናቱ ራሱ ይህን አልዘነጋም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ያቋቋሙት አሸናፊ ከበደም ሆኑ እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ማሲንቆና ስለ ቅኝት ምንነት የዶክትሬት ጥናታቸውን የጻፉት ሲንቲያ ኪምበርሊን፣ ቅኝት ከድምፅ መደዳ በላይ መሆኑን ያውቁ ነበር። የዘነጋው በኋላ የመጣው የኢንተርኔት መምህር ነው፤ በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አምስት የፒያኖ ቁልፍ አሳይቶ «አምባሰል ይኸው» የሚለው።

ይህ ድምፅ ከየት ተማረ? አንድ ትምህርት ቤት ብቻ አልነበረውም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ጊዜ ጀምሮ መጽሐፍ ሲገለበጥና ጸሎት ሲዜም ኖሯል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። ከገዳሙ ቅጥር ውጭ፣ በዚያው ሐይቅ ዳርቻና በተሁለደሬ፣ በወረባቦ፣ በቃሉ ኮረብታዎች ደግሞ መንዙማ አለ። የመንዙማ አወራረድ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ መሪ ድምፅ ይነሳል፣ ድቤ ይመታል፣ ሐድራው ይቀበላል። መሪው ሲያስረዝም ተቀባዩ ይጠብቃል፤ መሪው ሲሰብር ተቀባዩ ይሞላል። የወሎ ሼኾች በአማርኛና በዓረብኛ የገጠሟቸው መንዙማዎች ከቅኝቶቹ ጋር ተዋህደው ነው የሚዜሙት፤ አንዳንዱን ግጥሙን ሳይሰሙ ዜማውን ብቻ ቢሰሙ የሠርግ ዘፈን ነው ብሎ የሚምል ሰው አይጠፋም። ሦስተኛው ትምህርት ቤት ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ የወፍጮው ቤትና የአዝማሪው መንገድ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አትገባበትም። በሐድራውም መሪው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። የአምባሰል ስም ሲጠራ ግን የአገሩ ሰው በጆሮው የሚሰማው የሴት ድምፅ ነው፤ የማሪቱ ለገሠ።

ማሪቱን «የአምባሰል ንግሥት» ያላት ሕዝብ ነው። የማዕረግ ስም ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተሰጣት ማየቱ ይጠቅማል። ብዙ ጥሩ ዘፋኞች አምባሰልን ሲዘፍኑ የሚይዟቸው ሰፊዎቹን ዝላዮች ነው፤ ዝላዩ ለጭብጨባ ይመቻል። ማሪቱ የያዘችው ጠባቡን ነው፤ ከማረፊያው ድምፅ በላይ ያለውን ያንን ግማሽ እርምጃ። እዚያ ላይ ትቆማለች፣ ታስጨንቃለች፣ አድማጩ «አሁን ትወርዳለች» ሲል አትወርድም። ስትወርድ ደግሞ ያለ ችኮላ ነው፤ ሰው ከሩቅ አገር ቤቱ እንደሚገባ። ይህ ስሜት ብቻ አይደለም፤ የትንፋሽ አያያዝ ነው፣ ለዓመታት የሚሠራ ሥራ ነው። «የተፈጥሮ ድምፅ ነው» የሚለው ሙገሳ ደግነት ቢመስልም የሠራችውን ይነጥቃታል።

ማሪቱ የታወቀችው በወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ነው። የደርግ ዘመን ኪነት በሁለት ዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ሁለቱም ዓይን ልክ ነው። በአንድ በኩል ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የተዘረጋ የፕሮፓጋንዳ መሣሪያ ነበር። ዘፋኙ ስለ ምርት ዘመቻና ስለ ግንባር እንዲዘፍን ይታዘዛል፤ የማይመስለውን ሲዘፍን የዋለ ብዙ ነው። በሌላ በኩል የወሎ ላሊበላ፣ የጎንደር ፋሲለደስና የጎጃም ግሽ ዓባይ ቡድኖች ባይኖሩ ኖሮ የክፍለ ሀገር ድምፅ ከክፍለ ሀገር ወጥቶ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚሰማበት ሌላ በር ጠባብ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የሸክላ ማሳተሙን ሞኖፖል ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ሲከፍት አዲስ ዘመን ጀመረ፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ዘመኑ በዋናነት የአዲስ አበባ፣ የክለብና የባንድ ዘመን ነበር። ሸክላው ራሱም አንድ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ነው። አምባሰል ደግሞ ሲጀምር ማሲንቆው ብቻውን የሚያንጎራጉርበት ጊዜ ይፈልጋል። ለሸክላ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚሄደው ያ ነው። ካሴት ሲመጣ ነው ረጅሙ ዜማ ትንፋሽ ያገኘው።

ይህ ሁሉ የሆነው ወሎ በምን ስትታወቅ እንደነበር መርሳት አይገባም። በ1965 እና 66 ዓ.ም. በረሃቡ፤ በ1977 እንደገና በረሃቡ። የዓለም ቴሌቪዥን ወሎን ያሳየው ድምፅ ሳያሰማ ነው ማለት ይቻላል፤ ምስሉ የወሎ ሰው፣ የሚናገረው የውጭ ጋዜጠኛ። ዓለም ለወሎ ዘፈነ፤ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የታወቁ ድምፃውያን ስታዲየም ሞሉ። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጉዞ ወደ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ሄዶ ዓለምን ሲያመሰግን ነገሩ በከፊል ተመለሰ። የመንግሥት ዓላማ ያለው ጉዞ ነበር፤ ይህም አይካድም። ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ፈረንጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው እጁን የዘረጋ ኢትዮጵያዊ ሳይሆን የሚዘፍን ኢትዮጵያዊ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ታሪክ ይታወቃል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ አልበም ማውጣት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገባ፤ የኢትዮጵያ ቅኝቶች የዓለም ጃዝ ቋንቋ ሆኑ። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ጥርጥር የለውም። ተከታታዩም ዘፋኞችን አልዘለለም፤ ለአስናቀች ወርቁ ክራርና ድምፅ ሙሉ አልበም ሰጥቷል። የዓለም ጆሮ ግን የያዘው በአብዛኛው መሣሪያውን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ግጥሙን አይሰማም። አምባሰልን ያለ ግጥም የሚሰማ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን ይተዋል፤ ወይም ሰሙንም አያገኘውም።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። እዚሁ ላይ ጣሊያን ለሦስተኛ ጊዜ ትመጣለች፤ በዚህኛው ዙር በወዳጅነት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጣሊያን ወጣቶች ሮክን ከክላሲካልና ከሕዝብ ዜማ ጋር አዋህደው ረጃጅም ድርሰቶች መሥራት ጀመሩ፤ «ፕሮግረሲቭ ሮክ» የሚባለውን። ቡድኖቹ የሚወደሱት በአብዛኛው በኪቦርድና በጊታር ነው። ዘፋኞቻቸው ግን የትኛውም እንግሊዛዊ የማይሠራውን ሠርተዋል። የባንኮው ፍራንቼስኮ ዲ ጃኮሞ የኦፔራ አገር ልጅ መሆኑን ሳይደብቅ ከሮክ ከበሮ በላይ ይዘፍን ነበር። ዓለም እንዲሰማቸው ሲሉ ፒ.ኤፍ.ኤም. እና ሌ ኦርሜ እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ ግጥም አልበም አወጡ፤ ዛሬም ብዙ አድናቂዎቻቸው የሚመርጡት ጣሊያንኛውን ነው። ድምፅ ከቋንቋው ሲነቀል የሚቀረው ነገር ያንሳል።

ከሁሉም ልዩ የነበረው የ«አሬያ» ቡድን ዘፋኝ ዲሜትሪዮ ስትራቶስ ነው። በግሪካውያን ወላጆች እስክንድርያ፣ ግብፅ የተወለደ፣ ድምፅን እንደ ላቦራቶሪ የመረመረ፣ ያለ መሣሪያ በጉሮሮው ብቻ አልበም ያወጣ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1979 በጠና ታመመ፤ ኒው ዮርክ ሆስፒታል ገባ። የሙያ ጓደኞቹ ለሕክምናው ገንዘብ ለማሰባሰብ ሚላን ላይ ትልቅ ኮንሰርት አዘጋጁ። ኮንሰርቱ ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰኔ 13 ቀን እ.ኤ.አ.፣ በ34 ዓመቱ ሞተ። የገንዘብ ማሰባሰቢያው የመታሰቢያ ኮንሰርት ሆነ።

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ታሪኩን ከዚህ ቀደም የሰማው ይመስለዋል፤ ሰምቶታልም። በየጊዜው በዚሁ ስልክ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የታመመ ድምፃዊ ፎቶ ይደርሰዋል። ልዩነቱ አንድ ነው። የስትራቶስ ቅጂዎች በስሙ ተመዝግበው፣ በዓመታቸው ተለይተው፣ እስከ ዛሬ ይታተማሉ። የወሎ ድምፃውያን የ1970ዎቹ ካሴቶች የት ናቸው?

በስልክ ውስጥ ናቸው። «ምርጥ አምባሰል»፣ «የድሮ ወሎ ሙዚቃ»፣ «አምባሰል ቁጥር 3» በሚል ርዕስ። ካሴቱ ቢያንስ ሽፋን ነበረው፤ በሽፋኑ ላይ ፎቶና ስም ነበር። ፋይሉ የለውም። ከቻናል ወደ ቻናል ሲዘዋወር ስሙ ይወድቃል፤ የቻናሉ ስም ይጨመርበታል።

ነገሩ የክብር ብቻ ጉዳይ ቢሆን አንድ ነገር ነው። የሕግም ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምና ዜማ ደራሲ ብቻ ሳይሆን ለከዋኙም መብት ሰጥቷል፤ ጥበቃውም 50 ዓመት ነው። ለከተማ ዘፋኝ የከዋኝነት መብት ከብዙዎቹ አንዱ ነው፤ ዜማውን ራሱ ደርሶ ሊሆን ይችላል፣ ግጥሙን ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ለአምባሰል ዘፋኝ ግን ነገሩ ይለያል። ዜማው የአያት ነው፤ ግጥሙ ግማሹ የአገር ነው። በሕግ ፊት የራሷ ብላ የምታቀርበው ድምጿን ነው፤ ያንን ቀን፣ ያንን ትንፋሽ። ስሙ የጠፋ ከዋኝ ደግሞ መብቱን የሚጠይቅበት መነሻ የለውም። አምሳ ዓመቱ ከተቀዳበት ጀምሮ ቢሰላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቀዳ ካሴት ጊዜው የሚያልቀው በ2020ዎቹ መጀመሪያ ነው። ይህ ሩቅ አይደለም።

ማሪቱ ራሷ ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ስትኖር አገሯ ውስጥ ድምጿ በየሠርጉና በየሚኒባሱ ሲሰማ ኖሯል። የእሷ ስም ቢያንስ ይታወቃል። በዓመታት መካከል የመጡ ወጣት ድምፃውያን አምባሰልን ሲዘፍኑ የእሷን ጠባብ እርምጃ፣ የእሷን አቆም ሲኮርጁ ይሰማል፤ መኮረጅ መማር ነውና ክፋት የለውም። የተማሩበትን ስም መጥራት ግን ምንም ወጪ የለውም።

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሐይቅና በውጫሌ ሲያልፍ ሰው ይዞት የሸሸው ልጁንና ከቻለም ከብቱን ነው፤ የካሴት ሳጥን ይዞ የሸሸ አይኖርም። በቤት ውስጥ የተቀመጠ ቅጂ ማለት ይህ ነው፤ አንድ ጦርነት፣ አንድ ዝናብ፣ አንድ ቤት ማጽዳት ይበቃዋል። ስለዚህ የቀሩት የኪነት ቅጂዎች ጉዳይ ለባህል ቢሮ ዓመታዊ ሪፖርት የሚተው አይደለም። የቀድሞ የቡድኑ አባላት ሳያልፉ፣ ቅጂዎቹን አስቀምጦ እያንዳንዱን እያሰሙ፣ መሪ ድምፁ የማን እንደሆነ፣ ክራሩን ማን እንደመታ፣ ዋሽንቱን ማን እንደነፋ፣ ከማሪቱ ኋላ ተቀምጦ ትንፋሿን ሲጠብቅ የነበረው ማሲንቆ መቺ ማን እንደሆነ ጠይቆ መጻፍ የአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል የጥቂት ወራት ሥራ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከሐይቅ የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ነው።